የሦስት ወንድሞች ቱታ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ከሦስት ወንድሞቼ ጋር በአንድ ግቢ ነን። ታላቄ የመኪና ባትሪ ይጠግናል፤ የራሱ ትንሽ ሱቅ አለው። መካከለኛው ጋራዥ ተቀጥሮ መኪና ቀለም ይቀባል። ትንሹ ግራናይትና እብነ በረድ የሚቆርጡበት ቤት በቀን ሒሳብ ይሠራል። መርዙን ያጥባል ሲባል ስለሰማሁ ማታ ማታ ለሦስቱም ወተት አፈላለሁ። በቅርቡ ደግሞ ከፋርማሲ አንድ ፓኬት ማስክ ገዝቼ አከፋፈልኳቸው። መካከለኛው ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። የታላቄ ልጅ 2 ዓመቷ ነው፤ አባቷ ገና በር ላይ ሲደርስ ሮጣ እላዩ ላይ ትወጣለች። ልብሳቸውን እኔ ነኝ የማጥበው። ወተቱና ማስኩ ይበቃል ወይ? ሌላስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው «ልብሳቸውን እኔ ነኝ የማጥበው» የምትለው ቃል ያዘችኝ። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። ወተቱም ማስኩም አይበቃም። ግን አይዞሽ፣ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። አብዛኛው ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ልማድ መቀየር የሚጠይቅ ነው።

በወተቱ ልጀምር። ይህ እምነት በየጋራዡና በየቀለም ቤቱ አለ። ለሠራተኛው ወተት የሚያድል ፋብሪካም አለ፤ ወተት በማደሉ ጤናውን የጠበቀለት ይመስለዋል። እስቲ መንገዱን አስቢው። ወተት በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። የድንጋይ ብናኝና የቀለም ጉም የሚሄዱት ግን በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ነው። በየት ይገናኛሉ? ሳንባ ሥር የተቀመጠን የግራናይት ብናኝ ወተትም፣ ቅቤም፣ አረቄም አያወጣውም።

ባትሪ ውስጥ ላለው እርሳስ ለሚባለው ብረት ሲሆን ወተት ትንሽ እውነት አላት። ካልሲየምና ብረት የጎደለው ሰውነት በአፍ የገባ እርሳስን አብዝቶ ይስባል። ስለዚህ ወተት፣ ጎመንና ምስር የሚያገኝ ሰው ባዶ ሆዱን ከሚውለው ይሻላል። በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ደምና አጥንት ውስጥ የገባውን አያጥብም። አንድ ቀን አንድ ባትሪ ቤት ገብቼ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሰውየው እጁ በባትሪ ዝቃጭ ጠቁሯል። በዚያው እጁ የወተት ብርጭቆውን ያዘ፣ ዳቦውን ቆረሰ፣ ጠጣ፣ በላ። ራሱን ሊያድን ነበር የጠጣው፤ እርሳሱንም አብሮ ዋጠው። አንቺም ወተቱን አትተዪ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ግን እጅና ፊት በሳሙና ከታጠበ፣ ልብስም ከተቀየረ በኋላ ይሁን።

ወደ ማስኩ ስንመጣ፣ ከፋርማሲ በፓኬት የገዛሽው በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያደረግነው ሰማያዊ ማስክ ይመስለኛል። እሱ የተሠራው ከአፍ የሚወጣ ምራቅና ጠብታ እንዲይዝ ነው። ጉንጭ ላይ አይገጥምም። አየር ደግሞ ቀላሉን መንገድ ይመርጣልና በጎንና በጎኑ ይገባል። ኤን95 የሚባለው ፊት ላይ ይገጥማል፣ ደቃቅ ብናኝም ይይዛል። ሆኖም እሱም ቢሆን የቲነርና የቀለም ትነት አያቆምም። ጢም ያለው ሰው ካደረገው ደግሞ በጢሙ መካከል አየር ያሾልካል። ሦስቱ ወንድሞችሽ የሚተነፍሱት ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ የእርሳስ ጢስና ዱቄት፣ አንዱ ትነትና ጉም፣ አንዱ የድንጋይ ብናኝ። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ማስክ የለም።

ከማስኩ በፊት የሚመጣም ነገር አለ። ቤት ውስጥ በርበሬ ስታምሺ ምን ታደርጊያለሽ? ለቤተሰቡ ሁሉ አፍንጫ መሸፈኛ አታድዪም። ምጣዱን ይዘሽ ወደ ደጅ ትወጫለሽ፤ ወይ የተዘጋጀውን በርበሬ ገዝተሽ ትገላገያለሽ። ካልሆነም መስኮቱን ከፍተሽ ልጆቹን ታስወጫለሽ። አፍንጫሽን በነጠላሽ የምትይዢው መጨረሻ ላይ ነው። የእኛ ሙያ፣ የሥራ ቦታ ጤና ጥበቃ፣ ከዚህ የተለየ ቅደም ተከተል የለውም። መጀመሪያ መርዙን ማስቀረት፣ ካልተቻለ ቀለል ባለ ነገር መተካት፣ ከዚያ ከምንጩ ላይ መያዝ፣ ከዚያ ሰውን ማራቅና የሚሠራበትን ሰዓት ማሳጠር፣ በመጨረሻ ማስክና ጓንት። ችግሩ በርበሬ ወዲያው ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፤ ሰው ይሸሸዋል። እርሳስ ግን አያስነጥስም። የግራናይት ብናኝ አያስለቅስም። ስለዚህ ማንም አይሸሻቸውም።

አሁን ወደ ታላቅሽ። ከሦስቱ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከእሱም ይልቅ ልጁ።

የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። (ልጆች ለመጻፊያ የሚይዙትን ማለቴ አይደለም። እሱ ስሙ ብቻ ነው እርሳስ፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።) ባትሪው ሲከፈት፣ ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ (ፕሌቱ) ሲነቀል፣ አሮጌው ሲፈረካከስ ግራጫ ዱቄት ይወጣል። ብዙ ባትሪ ጠጋኝ ደግሞ እርሳሱን በድስት ያቀልጣል፤ ታላቅሽም ሳያደርገው አይቀርም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ይህ ለከሰል እሳት ቀላል ነው። ድስቱ በጋለ ቁጥር የሚወጣው ጢስ ይብሳል፤ ዓይን ላያየውም ይችላል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውና በማንኪያ እየተጠረገ የሚጣለው ቆሻሻም ሲደርቅ የሚቦን የእርሳስ ዱቄት ነው።

የገባው እርሳስ ደም ውስጥ በሳምንታት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግን ብዙው የሚሄደው ወደ አጥንት ነው። እዚያ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች አጥንት ምን ያህል እንደሚያስታውስ እናውቃለን። ወንጂ ላይ ፍሎራይድ የበዛበትን ውኃ ለዓመታት የጠጡ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ወገባቸውና አንገታቸው ደርቆ ጎብጠዋል። ያንን የሚያውቅ ሰው ቀስ ብሎ የሚገባ ነገር ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልገውም። እርሳስ የሚያመጣው የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ድካም፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ችግር ነው። ሲብስ እጅ ከአንጓው ይዝላል። ብዙ ጊዜ ግን ምልክቱ የሚታየው ከቆየ በኋላ ነው። ሰውየው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

ለሕፃን ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንሽ ልጅ በአፉ ከገባው እርሳስ ውስጥ ሰውነቱ የሚቀበለው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚጎዳው ደግሞ ገና እያደገ ያለውን አእምሮ ነው። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስካሁን አልተገኘም። በሴኔጋል፣ ዳካር ዳር ባለች ቲያሮዬ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር የሆነውን ልንገርሽ። ሰዎች አሮጌ ባትሪ እየፈለጡ፣ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር በጆንያ ወደየቤታቸው እየወሰዱ ያበጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ ማንም ምክንያቱን አላወቀም። ይህን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። የታላቅሽ ሱቅ ያንን አያህልም። ሆኖም መንገዱ ያው ነው። ከሥራ ወደ ልብስና ጫማ፣ ከልብስ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ልጅ አፍ።

ታላቅሽ ቢሰማኝ መጀመሪያ የምለው «ማቅለጡን ተው» ነው። ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ መመርመር፣ አዲስ መሸጥ፣ አሮጌውን ሳይከፍቱ ሰብስቦ በሥርዓት ለሚያቀልጥ ፋብሪካ ማስረከብ፤ ይህ ሁሉ ሥራ ነው፣ ገቢም አለው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። ከባድ መኪናው ቀን ከሌት ያልፋል። ባትሪ ፈላጊ አይጠፋም። እንጀራው ነውና ዛሬውኑ ይተው ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እስኪተው ድረስ ግን ድስቱን ከሚገባው በላይ አያግለው፣ ይክደነው። ሥራው ከሱቁ ውስጥና ከሰፈር ልጆች መጫወቻ ይራቅ። ደረቅ መጥረጊያ ይቅር፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። አሲዱም ቦይ ውስጥ አይደፋ። ማስክ ከተባለ ደግሞ ለእሱ የሚሆነው ፊት ላይ የሚገጥም፣ ተቀያሪ የብናኝ ማጣሪያ ያለው የላስቲክ ማስክ ነው። ማጣሪያው ላይ ፒ100 ወይም ፒ3 የሚል ይጻፍበታል።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ላንሳ። ጋራዥ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ጫት ይቃማል። ጫት መቃም ጥሩ ነው መጥፎ ነው ልል አልመጣሁም። ግን እርሳስ በነካ ጣት ቅጠል እየቀነጠሱ ለሰዓታት ወደ አፍ መውሰድ እርሳስ እየቀነጠሱ መብላት ነው። ሲጋራም እንዲሁ። ውኃና ሳሙና ሱቁ በር ላይ ይኑር። ጥፍር ሥር በብሩሽ ይታጠብ። በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም ርካሹና በጣም የሚያድነው ዕቃ አንድ ጄሪካን ውኃና አንድ ሳሙና ነው።

ወደ መካከለኛው ልለፍ። ሌሊት ሌሊት ያስለዋል ያልሽው ቀላል ጉንፋን ላይሆን ይችላል። መኪና የሚቀባው በሁለት ጣሳ በሚቀላቀል ቀለም ከሆነ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ ሃርድነር የሚጨመርበት ከሆነ፣ ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። ቀለሙን እንደ መስታወት የሚያጠነክረውና የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። በኮምፕረሰር ሲረጭ ጉም ሆኖ አየሩን ይሞላል። ይህ ነገር የሥራ አስም በማምጣት በዓለም ላይ ከሚታወቁት ዋነኞቹ አንዱ ነው። አመጣጡም ተንኮለኛ ነው። ሰውየው ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ምንም ሳይሆን ይሠራል። አንድ ቀን ሰውነቱ ይቆጣል። ከዚያ በኋላ ጥቂቷ ጠብታ ትበቃዋለች። ሳሉና የደረት መጥበቡ ሥራ ላይ ሳይሆን ከሥራ በኋላ፣ ማታ ወይም ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሰው ከሥራው ጋር አያገናኘውም። «ብርድ መታኝ» ይላል።

ሌላም ክፋት አለው። በአፍንጫ ሊሸተት ከሚችለው መጠን በታች እያለ ይጎዳል። ስለዚህ «አይሸተኝም፣ ደህና ነው» አይሠራም። በከሰል ማጣሪያ የሚሠራ ማስክ ያደረገ ሰውም ማጣሪያው መሙላቱን በማሽተት አያውቅም። ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚገባለት ማስክ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ያንን ቱቦ ጋራዡ ውስጥ ካለው ተራ ኮምፕረሰር ላይ በቀጥታ እንዳይሰካው። የዘይት ጉምና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገፋለት ይችላል። ለመተንፈሻ የሚሆን አየር በተገቢው ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

ይህ ሁሉ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከማስክ በፊት ያለውን ይጠይቅ። ሃርድነር የማይፈልግ ቀለም ለዚህ ሥራ አይበቃም ወይ? ትንሿ ጭረት በብሩሽ ወይም በሮለር አትያዝም ወይ? መርጨት ግድ ከሆነ ለብቻው በተከለለ ክፍል ይሁን። ክፍሉ አየር የሚስብ ማራገቢያ ይኑረው፤ የሚያወጣውም ሰው ወደሌለበት ይሁን። መርጨቱ እንዳበቃ ማስኩን ወዲያው አያውልቅ። ጉሙ ባይታይም ለደቂቃዎች አየሩ ላይ ይቆያል። ላሜራ የሚቀጠቅጡትና ረዳት ልጆቹም በዚያ ሰዓት ይራቁ። በአብዛኛው ጋራዥ የማየው ግን ቀቢው ሻሽ አፉ ላይ አስሮ ሲረጭ፣ ከጎኑ ሦስት ሰው ሻይ ሲጠጣ ነው። «ሜዳ ላይ ነው፣ የአዳማ ነፋስ ይወስደዋል» ይላሉ። የአዳማ ነፋስ ኃይለኛ መሆኑን ከከተማው ወጣ ብለው የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ። ነፋስ ግን አቅጣጫ አለው። ጉሙን ሲወስድ ወደ አንድ ሰው ነው የሚወስደው። የሚረጨው ሰው ጉሙ ከእሱ ወደ ባዶ ቦታ እንዲሄድ አድርጎ ካልቆመ፣ ሜዳ ላይ መሆኑ ብቻ አያድነውም።

አንድ ደብተር ግዢለት። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍ። ዛሬ ሃርድነር ያለው ቀለም ተረጨ ወይስ አልተረጨም፤ ሳሉ በስንት ሰዓት መጣ፤ ደረቱ ጠበበ ወይ፤ የዕረፍት ቀኑ ላይስ እንዴት ነው። በዕረፍት ቀን የሚሻለው፣ ወደ ሥራ ሲመለስ የሚብስበት ከሆነ ያንን ደብተር ይዞ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሐኪሙ በትንፋሽ መለኪያ ሊያረጋግጥ ይችላል። አስሙ ከዚህ የመጣ ከሆነ ከዚያ ቀለም ሙሉ በሙሉ መራቅ አለበት። ቶሎ የራቀ ሰው የመዳን ዕድሉ ከቆየው በጣም የተሻለ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሥራ አለ። ባለቤቱም ጥሩ ሠራተኛ ማጣት አይፈልግም።

ትንሹ ወንድምሽ ጋ የሚወሰነው በሚቆርጠው ድንጋይ ነው። እብነ በረድ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን እምብዛም የለም። ግራናይት ግን ከክብደቱ ሩቡን፣ ሲሶውን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሲሊካ ነው። በፋብሪካ ተጨፍልቆ የሚሠራው ለወጥ ቤት መደርደሪያ የሚፈለገው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። አውስትራሊያ ወጣት ድንጋይ ቆራጮቿ ሳንባቸው እየጠነከረ ሲያልቁባት እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ይህን ድንጋይ ጭራሽ ከለከለች። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ሳንባ ላይ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው በመድኃኒት አይጠፋም፤ ሥራውን ከተዉት በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ምን ያህል ትንሽ እንደሚበቃው ልንገርሽ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ በአማካይ ከ50 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ በላይ የሲሊካ ብናኝ እንዳይተነፍስ ይላል። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል አስቢ። ክፍሉን ሙሉ እዚህ ገደብ ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው 2.5 ሚሊግራም ብናኝ ነው። ጥቂት የስኳር ቅንጣቶች ይመዝኑታል። ቱታውን የሚያነጣው፣ ቅንድቡ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ አቧራ አይደለም ዋናው ጠላት። እሱ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፣ ይነፋል። ሳንባ ሥር የሚደርሰው ዓይን የማያየው ነው። ለእርሳስም በዚያው ሕግ የተቀመጠው ቁጥር ይኸው 50 ነው።

መድኃኒቱ ውኃ ነው። መቁረጫው ላይ ውኃ እየፈሰሰ ሲቆረጥ ብናኙ ሳይነሳ ጭቃ ይሆናል። በደረቅ ግራይንደር መቁረጥና መሞረድ መቅረት አለበት። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ኤሌክትሪክና ውኃ ወዳጅ አይደሉም። ለውኃ የተሠራ ማሽንና መስመሩን ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ተራ ግራይንደር ላይ ውኃ እየደፉ መሥራት ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ይታጠብ። ከደረቀ ነገ ጠዋት በመጥረጊያ ተመልሶ ብናኝ ይሆናል። ልብስን በኮምፕረሰር ማራገፍም ክልክል ይሁን። በውኃ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ነው ኤን95 የሚገባው፤ ጢሙን ተላጭቶ።

ሌላ ደግሞ ሲሊካ የገባበት ሳንባ ለቲቢ በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ትንሹ ወንድምሽን ሳል ከ2 ሳምንት በላይ ከያዘው ቶሎ ይመርመር። ሐኪሙ ባይጠይቀውም «ድንጋይ ቆራጭ ነኝ» ብሎ ራሱ ይናገር። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትቀይረዋለች። ለሦስቱም እንዲሁ ነው።

ሌላም አንባቢ ይኖራልና የጎረቤቶቹን ሥራ በአጭሩ ልንካ። የከባድ መኪና ፍሬን ሸራ የምትቀይሩ፣ አሮጌው ሸራ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ የፍሬኑን ከበሮ በአየር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እጃችሁን በቤንዚን አትታጠቡ። ውስጡ ቤንዝን የሚባል የደም ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለ፣ በቆዳም ይገባል። በቆቃ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ የምትረጩ፣ ባዶውን ዕቃ ቀዳዱት እንጂ ውኃ አትቅዱበት። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ለምትሠሩና ፍሳሽ ጉድጓድ ለምታጸዱ ደግሞ ይህን ደግሜ እላለሁ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ ማሽተቻን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ጓደኛ ስታዩ ተከትላችሁ አትግቡ። በአሜሪካ በተደረገ ማጣራት እንዲህ ባለ የተዘጋ ቦታ ከሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡ ነበሩ።

ስለ ሕጉ ጥቂት። መካከለኛውና ትንሹ ተቀጣሪዎች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሥራው ስላለው አደጋ እንዲያስረዳና እንዲያሠለጥን፣ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድደዋል። ማስኩን ከፋርማሲ መግዛት የአንቺ ዕዳ አልነበረም። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም በሕጉ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። የቀን ሠራተኛ ነኝ ብሎ ትንሹ አንገቱን አይድፋ። በጠብ ግን አይጀምሩ። በጥያቄ ይጀምሩ፦ «ይህ ጣሳ ውስጥ ምንድን ነው ያለው? የደህንነት መረጃ ወረቀቱን ማየት እንችላለን?» ቀለምና ሃርድነር አስመጪው ይህን ወረቀት ማቅረብ ይችላል፤ 16 ክፍል አለው። ጽሑፉ በማያውቁት ቋንቋ ቢሆን እንኳ ጣሳው ላይ ሥዕል ይፈልጉ። በቀይ አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ደረቱ ላይ ኮከብ የፈነዳበት የሚመስል ሰው ካለ፣ ያ ነገር ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው ማለት ነው። ብቻውን የሚጠይቅ ሠራተኛ ይፈራል። አምስት ሆነው ቢጠይቁ ባለቤቱ ይሰማል።

አሁን ወደ አንቺ። ስለ ራስሽ አንዲት ቃል አልጠየቅሽም። ቱታውን ስታራግፊ፣ ኪሱን ስትገለብጪ፣ ሳፋ ውስጥ በእጅሽ ስታሺው የሦስቱም ሥራ ወደ አንቺ እየመጣ ነው። ልብሱ የሚታጠበው እዚያው ሥራ ቦታ ቢሆን ይሻላል። ቱታው እዚያው ይውለቅ፣ ቢቻል እዚያው ይታጠብ። ጫማውም ከግቢ በር አይለፍ። ቤት መምጣቱ ግድ ከሆነ በላስቲክ ተቋጥሮ ይምጣ። አታራግፊው። ሳትነኪው ውኃ አፍስሺበት። ከሌላው ልብስ፣ በተለይ ከሕፃኗ ልብስ ለይተሽ፣ ለብቻው በተመደበ ሳፋ፣ በላስቲክ ጓንት እጠቢው። ውኃውን ልጅቷ ከምትጫወትበትና ጎመን ከተከልሽበት አርቀሽ ድፊው። የባትሪው ቱታ ከሁሉም የመጨረሻ ይሁን። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የሆንሽ ቀን ያንን ቱታ አትንኪ፤ እርሳስ ወደ ጽንሱ ያልፋል።

ልጅቷ አባቷ ላይ መውጣቷን ከልክሉ አልልም። እሱ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ከገባ በኋላ ትውጣበት። ምንጣፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ ከምግብ በፊት እጇን እጠቢላት። እሷም አባቷም የደም እርሳስ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ወደ ሕፃናት ሐኪም ስትሄዱ በዚሁ ስም ጠይቁ፣ የአባቷንም ሥራ ንገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲቆም ይመክራል። «እርሳስ ያወጣል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከየትም አትግዙ። የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፣ ያውም ምንጩ ከቆመ በኋላ የሚሰጥ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን። የመካከለኛውን ደብተር ግን ዛሬ ማታ ጀምሩት።